የቴዎፊል ስምንት ፔዳሎች

አባቴ ውሸታም ሰው አልነበረም። በዕድሜው አንድ ትልቅ ውሸት ብቻ ነው የዋሸው፤ እሱንም በቤተ ክርስቲያናችን ዓመታዊ በዓል ላይ፣ ቄሱ ቋሊማቸውን እንደያዙ ከጎኑ ቆመው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ውሸት መሆኑን ከባለጉዳዩ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ብዙ አሰብኩበት፤ አስቤ አስቤም አባቴ መቁጠር አይችልም ከሚል ውሳኔ ላይ ደረስኩ።

ቪሶካ ማለት በቴክሳስ የጥጥ እርሻ መሀል ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የመኖ ሱቅና አንድ የዳንስ አዳራሽ ናት። አያቶቻችን ከቼክ አገር እንደመጡ መጀመሪያ የሠሩት አዳራሹን ነው ይባላል፤ ይህ ሲወራ ቄሱ ደስ አይላቸውም። እሑድ ቅዳሴ ያልቃል፣ ምሳ ይበላል፣ ከዚያ ሽማግሌው ከባልቴቷ፣ ጎረምሳው ከኮረዳዋ፣ እኛ ልጆችም እርስ በርሳችን ተያይዘን ላም እስኪታለብ ድረስ እንደንሳለን። በሙዚቃ ባንዱ ውስጥ አኮርዲዮን፣ ቫዮሊንና ከበሮ ነበሩ። እነሱን ግን ማንም አያነሳቸውም። የሚነሳው የስቲል ጊታሩ ወንበር ነው።

ስቲል ጊታር በእግሮቹ ቆሞ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው። ተጫዋቹ ከኋላው ይቀመጥና በቀኝ እጁ ክሮቹን ይነካል፣ በግራው የያዘውን ለስላሳ ብረት በላያቸው ያንሸራትታል። ድምፁ ሰው ሆድ ሲብሰው የሚያወጣው ዓይነት ነው፤ የኛ ሰዎች ግን ፖልካ ይጨፍሩበታል።

ያ ወንበር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ የቴዎፊል ማሬክ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትልልቅ ጆሮ ያለው ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከላሞቹ ጋር ብቻውን ይኖራል፤ ሳምንቱን ሙሉ የሚያነጋግረውም እነሱን ነው። እሑድ ከረባቱን አስሮ ይመጣና እኛን ያነጋግራል፤ በአፉ ሳይሆን በጊታሩ። ወንበሩን ቢያጣ ምን እንደሚቀረው ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን ሰባት ዓመቴ ነበርና አላወቅሁም።

አባቴ ኤርቪን ትራክተር ጠጋኝ ነበር። ፔዳል የሚባለው ነገር በሬዲዮ የመጣ ጊዜ ሃይማኖቱን የለወጠ ያህል ሆነ። ፔዳሉ በእግር ሲረገጥ አንዱ ክር ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። አብረው ከሚዘፍኑ ሁለት ሰዎች አንዱ ቆሞ ሌላው ደረጃ ሲወጣ ማለት ነው። አባቴ ባለፔዳል ጊታር የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው ራሱ ሠራው። ዘንጎቹን ከጥጥ መልቀሚያ ማሽን ነቀለ፣ ሞላዎቹን ከየት እንዳመጣ ያወቅነው ግን እናቴ የማቀዝቀዣውን በር በገመድ ማሰር ስትጀምር ነው። ሦስት ፔዳል ነበረው። «ጊታር የሚያለቅሰው በእግር ነው፣ አልቢና» ይለኝ ነበር። እኔም እንደ ጸሎት ያዝኩት።

በምሳ ሰዓት ሬዲዮ ሲከፈት የኛ ቤት ሾርባ ይቀዘቅዛል። አባቴ ማንኪያውን ያነሳና በሬዲዮው ስቲል ጊታር የሚጫወተው ማን እንደሆነ ይፈትነኛል።

«ማነው?»

«ኮይ ሄስተር።»

«በምን አወቅሽ?»

«ይዘገያል።»

ኮይ ሄስተር የሚፈልገው ድምፅ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ አርፍዶ ነበር የሚደርሰው፤ ቅዳሴ እንደሚያረፍድ ሰው። ግን ሲገባ ሁሉም ዞሮ ያየዋል። ድዋይት ላንደር ደግሞ በሰዓቱ ይደርሳል፣ ጫማውም የተወለወለ ነው። ክሮቹን ከጫፋቸው አጠገብ ስለሚነካ ድምፁ ስል ነው፣ ጥርስ ያቀዘቅዛል። «አጎት ቴዎፊልስ?» ስለው አባቴ ወዲያው ሾርባውን መጠጣት ይጀምራል። እናቴ ሊድሚላ ግን ከምድጃዋ ዞር ሳትል፣

«እሱማ በር ላይ ቆሞ እግሩን ይጠርጋል» ትላለች።

እውነቷን ነበር። ቴዎፊል ከታች ተነስቶ፣ ደጁ ላይ ቆም ብሎ፣ ከዚያ ነው ቀስ ብሎ ድምፁ ውስጥ የሚገባው። ክሩን የሚነካው ከመሀል ስለሆነ ወፍራምና ሞቃት ነው፤ አንዱን ድምፅ አውጥቶ ሌላውን ለማውጣት አይቸኩልም።

«የኔስ?» ይላታል አባቴ።

«ያንተ በመስኮት ነው የሚገባው።»

የመኖ ሱቁ ባለቤት ፓቭሊቼክ የአዳራሹም ኮሚቴ ሊቀመንበር ስለነበር ክርክሩ የሚካሄደው እሱ ደጅ ነው። ወንዶቹ የበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጠው የሁለቱን ሰዎች ድምፅ እንደ በሬ ያገላብጡታል።

«ኤርቪን ንጹህ ነው። የጉድጓድ ውሃ» ይላል አንዱ።

«ውሃ ጠጥቶ የሰከረ አይተህ ታውቃለህ?» ይለዋል ሌላው።

«ቴዎፊልማ እስኪደርስ ድረስ ሚስቴ እግሬን ሁለቴ ትረግጠዋለች።»

«እሷ የምትረግጥህ በቴዎፊል አይደለም፤ በራስህ ነው።»

አንድ እሑድ ቴዎፊል ጊታሩን ከፊትና ከጎን እስከ ወለሉ ድረስ በአረንጓዴ መጋረጃ ሸፍኖ ተቀመጠ። የሟች ሚስቱ የሳሎን መጋረጃ መሆኑን ሴቶቹ በሙሉ ለዩት። በስቲል ተጫዋቾች ዘንድ መሸፈን አዲስ ነገር አልነበረም። ፔዳሉን እንዴት እንዳሰረ ሌላው እንዳይሰርቀው ጉልበቱ ላይ ፎጣ ጣል የሚያደርግ ሞልቷል፤ የሌላውን እግር ጎንበስ ብሎ ማየትም እንደ ነውር ይቆጠራል። የገረመን ሌላ ነው። ያን ቀን ከቴዎፊል ጊታር አንዱ ክር ደረጃ ሲወጣ ሌሎቹ ቆመው ጠበቁት።

ዳንሰኛው ሁሉ ዞሮ አየው። ከዚያ ጉድ ፈላ።

«ፔዳል ገዛ!» «ስንት ነው?» «ሦስት ነው።» «ኧረ አምስት ነው!» ፓቭሊቼክ ሱቅ ውስጥ ቢራ ተያዘበት። አባቴ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ የፊተኛው አግዳሚ ላይ እየተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ፣ የመጋረጃውን ጫፍ ሲመረምር ይውላል።

«ኤርቪን» አለችው እናቴ አንድ ቀን፣ «ቀሚስ ሥር እንደሚያይ ጎረምሳ አትሁንብኝ።»

«ምን ላድርግ ሊድሚላ? ያ ድምፅ በሦስት ፔዳል አይወጣም። ሞክሬዋለሁ።»

እውነትም ሞክሮታል። ጋራዡ ውስጥ ዘንግ ሲፈታ ዘንግ ሲያስር ይመሻል። የኔ አልጋ ከጋራዡ ግድግዳ ጋር ስለሚገናኝ በብረት ድምፅ ተኝቼ በብረት ድምፅ እነቃለሁ። ያን ጊዜ የገባኝ አባቴ አጎት ቴዎፊልን እንደሚጠላው ነው። ዛሬ ሳስበው ግን የጠሉትን ሰው ድምፅ ያን ያህል ደጋግሞ መፈለግ የጥላቻ ሥራ አይመስለኝም።

በዚያ ዓመት ጎረምሶቹ እኛን ትተው ወደ ሌላ ከተማ አዳራሽ መሄድ ጀመሩ፤ እዚያ ባለፔዳል ተጫዋች አለ ተብሎ። ኮሚቴው ተሰበሰበና ቆረጠ፦ ከበዓሉ ቀን ጀምሮ ወንበሩ ፔዳል ላለው ብቻ ይሰጣል። ቴዎፊል ማሬክና ኤርቪን በዓሉ ላይ ተራ በተራ ይጫወታሉ፣ ኮሚቴው ሰምቶ ይመርጣል። አባቴ ከስብሰባው ሲመለስ እናቴን ወገቧን ይዞ ወጥ ቤት ውስጥ አዞራት። እኔም ወንበሩ የኛ ነው ብዬ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው፤ አንዷ ምራቋን ተፋችብኝ፤ አያቷ የቴዎፊል ወገን ነበሩ።

የበዓሉ ቀን ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጥ ነበር። ከዛፎቹ ሥር ሥጋ ይጠበሳል፣ ሴቶቹ ኮላች የሚሉትን ባለ ፕለም ጣፋጭ ዳቦ በትሪ ደርድረው የማንዋ እንዳለቀ በጎን ዓይናቸው ይጠባበቃሉ። እኔ ያለሁት አዳራሹ ውስጥ፣ መድረኩ ሥር ነው። የቪሶካ ልጅ ሁሉ መድረክ ሥር ነው ያደገው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ የቢራ ቆርኪ ይለቀማል፣ ከላይ የሙዚቀኞቹ ጫማ ሲረግጥ አቧራ ፀጉር ላይ ይዘንባል። ቴዎፊል መጫወት ሲጀምር በሆዴ ተሳብኩና ልክ ከወንበሩ በታች ደረስኩ። ሳንቃዎቹ መሀል ሁለት ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ነበረች። ቀና ብዬ አየሁ።

ጫማዎቹ ወልቀው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እግሮቹ በግራጫ ካልሲ ናቸው፤ የቀኙ ካልሲ ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል። አውራ ጣቱ ምቱን ይቆጥራል። ሌላ ምንም የለም። ዘንግ የለም፣ ሞላ የለም፣ ፔዳል የለም። ከላይ ደግሞ ያ ክር ደረጃውን እየወጣ ነው፣ ሰዉም «ኧረ ድንቅ!» እያለ ነው።

ነገሩ ወዲያው ተገለጠልኝ። ጊታር የሚያለቅሰው በእግር ነው፤ የዚህ ሰው እግር ደግሞ ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ የሚጫወተው እሱ አይደለም። ከጀርባው ያለው የድምፅ ማጉያ ሳጥን ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ ደብቋል። አጎት ቴዎፊል አጭበርባሪ ነው!

አቧራዬን ሳላራግፍ ሮጬ አባቴን የበዓሉ ድንኳን ጋ አገኘሁት። እጁ እንዳይላብ ዱቄት እየቀባ ነበር።

«አባዬ፣ ፔዳል የለውም!»

«ማን?»

«አጎት ቴዎፊል። አንድም የለውም። ካልሲው ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ተቀዷል።»

«መድረክ ሥር ገብተሽ ነው?»

«አዎ። ሸክላ ነው የሚያጫውተው። ሳጥኑ ውስጥ ነው። ሂድና ንገራቸው!»

አባቴ አልተቆጣኝም፣ አልሳቀም። ድንኳኑን ገለጥ አድርጎ በአዳራሹ ሰፊ መስኮት በኩል ቴዎፊልን ማየት ጀመረ። ቆሞ ቀረ። ዱቄቱ ከእጁ ላይ እየረገፈ ጫማውን አነጣው። እኔ ሳጥኑን እያየ ነው ብዬ ስጠብቅ ቆየሁ፤ ልጅ ነኝና ዓይኑ የት እንዳረፈ አላስተዋልኩም።

«አልቢና፣ ይሄን ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለኝ በመጨረሻ።

«ለምን? ወንበሩ እኮ የኛ ይሆናል።»

«ነገርኩሽ።»

ተራው ደረሰና ተጫወተ። የዚያን ቀን የአባቴን ያህል የጠራ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ጎረምሶቹ ወለሉን ሞሉት፤ እናቴ እንኳ ትሪዋን ትታ መጣች። ግን ልብ ብሎ ላየው ሰው፣ እሱ ራሱ የሚጫወተውን የሚሰማ አይመስልም ነበር። ሲጨርስ ፓቭሊቼክ መድረኩ ላይ ወጣ። ቴዎፊል ከመጋረጃው ኋላ እንደተቀመጠ ነው።

«እንግዲህ ጎረቤቶቼ፣ ሁለቱንም ሰማን» አለ ፓቭሊቼክ። «ከመምረጣችን በፊት ግን ይሄ መጋረጃ ይገለጥ። የወንበሩም ነገር ይለይ፣ የቢራውም ነገር ይለይ!»

ሰው አጨበጨበ። ቴዎፊል ሁለቱን እጆቹን መጋረጃው አናት ላይ ጫነ። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ደስ አለኝ። አጭበርባሪ ሲያዝ እንዲህ ነው የሚሆነው አልኩ።

ፓቭሊቼክ ጎንበስ ሲል አባቴ መሀል ገባ።

«እጅህን ሰብስብ፣ ፓቭሊቼክ።»

«ምን አልክ?»

«በኛ ዘንድ የሰው እግር አይገለጥም። ነውር ነው።»

«ነውርማ ቀሚስ ሲገለጥ ነው» አለ ፓቭሊቼክ፤ ሰው ሳቀለት። «ካልገለጥን ፔዳል እንዳለው በምን እናውቃለን?»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

አሁን ሊያወጣው ነው።

«አይተኸዋል? ስንት ነው?»

«ስምንት» አለ አባቴ።

ከአዳራሹ አንድ ትልቅ «እ!» ወጣ። ስምንት ብሎ የተወራረደ አንድ ሰው አልነበረም። ቄሱ ቋሊማቸውን ማኘክ አቆሙ። ፓቭሊቼክ ግን ነገር የሚያጣራ ሰው ነው።

«እግሩ ሁለት አይደለም እንዴ?»

«ለዚህ እኮ ነው የሚሸፍነው» አለ አባቴ። «የኔ ሦስት ነው። እንግዲህ ምረጡ።» ብሎ ከመድረኩ ወረደ።

ስምንት ፔዳል ባለው ሰው ላይ ሦስት ያለውን የሚመርጥ ኮሚቴ የለም። ቴዎፊል ወንበሩ ላይ ቀረ። እኛ ጊታራችንን ጭነን ወደ ቤት ሄድን። እኔ መኪናው ውስጥ፣

«ስምንት አልነበረም እኮ» አልኩ።

«ዝም በይ» አለችኝ እናቴ።

አባቴ መቁጠር እንደማይችል ያወቅሁት ያኔ ነው። አዘንኩለትና ላስተምረው ቆረጥኩ። ማታ እራት ላይ ባቄላ ደርድሬ «አባዬ፣ ይሄ ስንት ነው?» እለዋለሁ። «አራት» ይለኛል። «ጎበዝ። ይሄስ?» ሳህኑን አጽድቼ ባዶውን አሳየዋለሁ። ሳህኑን ያያል፣ እናቴን ያያል። «ምንም» ይላል። «አየህ፣ ምንም ሳይኖር ምንም ነው የሚባለው» እለዋለሁ። እናቴ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ወጥታ ትሄዳለች። የምታለቅስ ይመስለኝ ነበር።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ የአባቴን ደግነት ሳወራላት አቋረጠችኝ። «ደግ ነበር፣ አልካድኩም» አለችኝ። «ግን ለሽማግሌው ብቻ አዝኖ መሰለሽ? መጋረጃው ተገልጦ ቢሆን፣ አባትሽ ፔዳል ከሌለው ሰው ጋር ሲወዳደር ኖሮ እኩል መሆን እንኳ እንዳቃተው ቪሶካ ያውቅ ነበር። በስምንት ፔዳል መበለጥ ክብር አለው።» ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። አባቴ ውስጥ ደግነትና ኩራት ባልና ሚስት ነበሩ፤ የትኛው እንደተናገረ ከግድግዳ ማዶ ሆኖ መለየት አይቻልም።

ከበዓሉ በኋላ ቴዎፊል ረቡዕ ረቡዕ ቤታችን መምጣት ጀመረ። ከአባቴ ጋር ጋራዡ ውስጥ ይዘጉና ይጣላሉ።

«ስምንት! አራት ብትል ምን ነበረበት?» ይላል ቴዎፊል። «ሰው ሁሉ ስምንተኛው ምን ያደርጋል እያለ ይጠይቀኛል። ምን ልበል?»

«ምን ብለው መለሱላቸው ታዲያ፣ አጎት ቴዎፊል?» ይላል አባቴ።

«ለዐቢይ ጾም ነው አልኩ።»

ቀጥሎ ደግሞ የቴዎፊል ጩኸት ይሰማል። «እሱን ተወው! አትርገጥ! ሰው አይደለህም እንዴ፣ እግርህን ሰብስብ!» እኔ በግድግዳው በኩል ሰምቼ፣ አሁንስ ሊገድለው ነው እያልኩ ብርድ ልብሴን እከናነባለሁ። ትምህርት መሆኑን ያወቅሁት ጥል ይመስለኝ ከነበረው መሀል፣ አንድ ቀን፣ ከአባቴ ጊታር እግሩን የሚጠርግ ድምፅ የሰማሁ ጊዜ ነው። አንዴ ብቻ ነው የወጣለት።

ቴዎፊል እንዲህ ሆኖ ከዓመት ዓመት ወንበሩ ላይ ቆየ። አሥር ዓመት ሲሞላኝ ግን ጣቶቹ ማበጥ ጀምረው ነበር፤ ማንኪያ ሲይዝ ይታያል። የዚያ ዓመት በዓል ላይ ከከበሮው ፊት ቆመና፣ በዚያ ወንበር ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአፉ ተናገረ።

«ዛሬ የመጨረሻዬ ነው» አለ። «ከመሄዴ በፊት ግን እንድታውቁኝ እፈልጋለሁ።»

መጋረጃውን በራሱ እጅ አወረደው። አጥፎም ወንበሩ ላይ አነጠፈውና ተቀመጠበት። አዳራሹ በሙሉ አንገቱን አሰገገ። የጊታሩ አራት እግሮች አሉ፣ የቴዎፊል ሁለት እግሮች አሉ። ባዶ ወለል ነው። እሱ ቀና ብሎ ሳያይ ጀመረ፤ ያው ወፍራም፣ ያው ሞቃት ድምፅ ወጣ፤ አንዱ ክር ደረጃውን ወጣ፣ ሌሎቹም ጠበቁት። አባቴ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ ቆሞ ነበር የሰማው። እኔ ያን ጊዜ ሸክላውን ከረሳሁ ቆይቻለሁ፤ ግን እንዴት እንደሚሆን አልገባኝም ነበርና አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሲጨርስ ቴዎፊል ሰዉን አንድ በአንድ አየ። ያን የመሰለ ፊት አይቼበት አላውቅም። ልጅ ሥዕሉን ሠርቶ ለእናቱ ሲያሳይ የሚኖረው ፊት ነው።

«አያችሁ?» አለ ፓቭሊቼክ ብድግ ብሎ። «ስምንቱንም ቤቱ ጥሏቸው መጣ! ያለነሱም ይችላል! እንዲህ ነው ኩራት!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከአጠገቤ አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ፣ «ያለ ስምንቱ ግን ድምፁ ትንሽ ሳስቷል» አለ። ጎረቤቱም፣ «በጣም እንጂ። በተለይ ከታች በኩል» ብሎ አረጋገጠለት።

የቴዎፊል ፊት ወደቀ። ዕድሜውን ሙሉ በእጁ የሠራውን ሥራ የአባቴ ስምንት ፔዳሎች ወሰዱበት። አባቴ ይህን አየ። አግዳሚውን ተሻግሮ መድረኩ ላይ ሲወጣ ባርኔጣው ወድቆ አላነሳውም።

«ስሙኝ!» አለ። «ስምንት ያልኩት ውሸት ነው። አንድም አልነበረውም። ከመጋረጃው በፊትም፣ ከመጋረጃው ኋላም፣ ሁልጊዜ በእጁ ብቻ ነው የተጫወተው። እኔ ዋሽቻችሁ ነው!»

ጭብጨባው ቆመ። ከኋላ በኩል አንድ ሰው «አይ ኤርቪን!» አለ በሐዘን። ሴቶቹ ምላሳቸውን መጠጡ። ፓቭሊቼክ አባቴን ትከሻውን ያዘው።

«ኤርቪን፣ ሰውየው ዛሬ እየተሰናበተ ነው። ቅናት ጥሩ አይደለም።»

«ቅናት አይደለም! እውነቴን ነው!»

«ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁ አላልክም?»

«እኔ አላየሁም። ያየችው ልጄ ናት። ጠይቋት!»

ሦስት መቶ ዓይን ወደኔ ዞረ። ወለሉ መሀል ወጣሁና አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

«መድረክ ሥር ገብቼ አይቻለሁ። ምንም አልነበረም። ምንም።»

ፓቭሊቼክ አየኝ፣ አባቴን አየው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«የአባቷ ልጅ» አለ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ቪሶካም ስምንቱን ፔዳል እስከ ዛሬ አልለቀቀም። አዳራሹ ሳቀ፣ አኮርዲዮኑ ፖልካ ጀመረ፣ ሰው ወደ ወለሉ ወጣ። አባቴ መድረኩ ላይ እጁን አንጠልጥሎ ቀረ። ቴዎፊል ግን መሳቅ ጀመረ። ጊታሩን ተደግፎ፣ እንባው በጉንጩ እስኪወርድ፣ ጆሮዎቹ እስኪቀሉ ሳቀ።

«ተወው ኤርቪን፣ ተወው ልጄ» አለው። «ሂድና ባርኔጣህን አንሳ፤ ሊረግጡብህ ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አንቺ፣ ነይ እስቲ። ወደዚህ ውጪ።»

ወጣሁና አጠገቡ ቆምኩ። ልምድ ሆኖብኝ ዓይኔ ወደ እግሩ ሄደ። አገጬን በጣቱ ቀና አደረገው።

«እዚህ ጋ» አለኝ።

ባንዱ ፖልካውን እየመታ ስለነበር ቀስ ብሎ ለኔ ብቻ ነካው። ግራ እጁ ብረቱን ሰያፍ ይይዘዋል፣ እንዳስፈለገው ያቃናዋል፣ መልሶ ያጋድመዋል። ከብረቱ ኋላ ያለው ያበጠ ጣቱ አንዱን ክር ብቻ ይጎትታል፣ ክሩም ደረጃውን ይወጣል። የጣቱ ጫፍ ተሰንጥቆ እንደገና ደርቆ እንደ ቀንድ ጠንክሯል። የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ደግሞ የድምፁን ማስተካከያ እያዞረች ድምፁን ታሳሳዋለች፣ ታወፍረዋለች። ያን ሁሉ እሑድ ከመጋረጃው በላይ፣ በፀሐይ፣ ሁላችን ፊት ሲያደርገው የኖረው ነው። እኛ ታች ታች ስናይ ኖረናል። አባቴ ያን ቀን ከድንኳኑ ሆኖ ያየው ይህን መሆኑ ገባኝ።

«አየሽ?» አለኝ።

«አየሁ።»

«ከአባትሽ ጋር ሁለት ሆናችሁ። ይበቃኛል» አለና ብረቱን በሸሚዙ ጠርጎ ኪሱ ከተተው።